ዟሪው ምጣድ

በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዲቪ ደርሶን ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ስንገባ፣ ሞርስ ሮድ አጠገብ በነበረው የአፓርታማ ግቢያችን የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው ሴት ናቸው። ምጣዱ ማክሰኞ እኛ ዘንድ ከዋለ ሐሙስ ፎቅ ላይ ካሉት ልጆች ቤት ያድራል። በረዶ ሲጥል በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈነው እንሄዳለን። ሴት ልጄ አክንባሎውን ተሸክማ ከኋላ ትከተለኛለች።

ጤፍ እንደ ወርቅ ይሰፈር ነበር። ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ላይ ጭብጥ ጤፍ ጣል አድርገን እናቦካለን። ምጣዱን የሚመልስ ሰው ባዶውን አይመልስም፤ ሁለት ሦስት እንጀራ ይደርብበታል። እማማ ገልጠው የእንጀራውን ዓይን ያዩና «እርሾሽ ደክሟል ልጄ፤ ከኔ ውሰጂ» ይላሉ። ቡና ሲቆላ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል። ልጆቹ ፎጣ ያራግባሉ፤ ጎረቤት ደግሞ ጩኸቱን እንደ ጥሪ ቆጥሮ ይመጣል። ሶማሊያዊቷ ጎረቤታችንም ሳምቡሳዋን ይዛ ከች ትላለች።

ያኔ የሞርስ ሮድ ትልቁ ገበያ በ1964 የተከፈተው ኖርዝላንድ ሞል ነበር። እሱ በ2002 ሲዘጋ መንገዱን ደግፈን ያቆምነው እኛ መጤዎች ነን። ሶማሌዎቹ ግሎባል ሞልን ከፈቱ። ልጆቼ «ካልገዛሽልን» ብለው ያለቀሱበት የአሻንጉሊት መደብርም ከ2013 ጀምሮ ሳራጋ የሚባል የዓለም ምግብ ገበያ ሆኗል።

ዛሬ እንጀራ በፌስታል ታሽጎ ይሸጣል፤ ምጣድም በየቤቱ አለ። አይዞርም እንጂ። ሴት ልጄ አብሲት፣ እርሾ፣ ማሰሻ የሚሉትን ቃላት የያዘችው ከዚያ ምጣድ ሥር ነው። በፌስታሉ ዘመን ያደገው ታናሽ ወንድሟ የሚያውቀው «እንጀራ» የሚለውን ብቻ ነው። ማንም አልከለከለውም፤ የሚሰማበት ቦታ ነው ያጣው።

በእርግጥ ሕግ የሚጠብቀው ነገር አለ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን ፈጠራዬ ነው ብሎ የያዘውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ አድርጎታል። በ1966 የጸደቀው፣ አሜሪካም በ1992 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ27ኛው አንቀጹ፣ ንዑሳን ማኅበረሰቦች ባህላቸውን፣ ሃይማኖታቸውንና ቋንቋቸውን ከወገኖቻቸው ጋር በጋራ የመያዝ መብታቸው እንዳይነፈግ ይደነግጋል። ክብደቱ ያለው «በጋራ» ላይ ይመስለኛል። ለብቻ የሚበላ እንጀራ ያጠግባል፤ ቋንቋ ግን አያስተምርም። እኛን በጋራ ያኖረን እጦት ነበር፤ እጦቱ ሲሄድ መሰባሰቡም አብሮት ሄደ።

ለጤፋችን የሚፈርድ ፍርድ ቤት ተገኝቷል፤ ምጣዱን ከቤት ቤት የሚያዞርልን ፍርድ ቤት ግን የለም። ስለዚህ ጓዳ ውስጥ አቧራ የሚጠጣ ምጣድ ያላችሁ፣ ለአዲስ ገቢ ጎረቤት አውሱት። አክንባሎውን ልጆቻችሁ ይሸከሙት። የተዋሳችሁም ባዶውን አትመልሱ።