ስሙን ተይው፣ አበባውን አሳይኝ

ሁለቱም ተክሎች ላይ የተለጠፈው ስም አንድ ነበር። እንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዶሮና ጫጩቶች» እንደማለት ነው።

ልጅቷ ሚኒሶታ ከገባች ዓመት አልሞላትም። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ በሌሊት ፈረቃ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ሁለቱን ተክሎች ገዛች። ወፋፍራም ቅጠሎቻቸው ክብ ሠርተው እንደ ጽጌረዳ ተደራርበዋል፤ ዙሪያቸውን ደግሞ ትንንሽ መሰሎቻቸው ከበዋቸዋል። ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው፤ መሃል ያለችው እናት ዶሮ፣ ዙሪያዋን ያሉት ጫጩቶች። ፎቶ አንሥታ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ላከች።

የበረዶው ወራት ሲመጣ ሁለቱንም ደጅ ተወቻቸው። በረዶው ሲቀልጥ አንደኛው እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሽሾ ተገኘ። ሌላው ምንም እንዳልነካው ሆኖ ከበረዶው ሥር ብቅ አለ። በጁላይ ግን የተረፈውም ጉድ አመጣ። እናቲቱ ከመሃሏ ወደ ላይ ተመዘዘች፤ ሮዝ አበባ አወጣች፤ አበባው ሲያልቅ እሷም ደረቀች።

ልጅቷ ስልክ ደወለች። «እማዬ፣ እኔ የያዝኩት ነገር አይበረክትም። አንዱን ብርድ ገደለው፤ ይሄኛው ደግሞ አበባ ባወጣ ማግስት ሞተብኝ። ልጥለው ነው።»

እናቷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ስለ ሚኒሶታ ተክል አያውቁም፤ ስም እንደሚያሳስት ግን ያውቃሉ። ሰፈራቸው ውስጥ አንዲት ጎረቤት እሬት ነው ብላ የቃጫ ቅጠል ቆርጣ የልጇን ቃጠሎ ቀብታበት ነበር። የልጁ ቆዳ ቀልቶ ሲያሳክከው አደረ። ሁለቱ ተክሎች ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ሲቆረጡ ግን የእሬት ቅጠል ውስጡ ንጹሕ ዝልግልግ ነገር ሲሆን፣ ከቆዳው ሥር መራራ ቢጫ ፈሳሽ አለው። የቃጫው ቅጠል ክር ክር ነው፤ ፈሳሹም ቆዳ ያስቆጣል። እሬት በየዓመቱ ማበብ ይችላል፤ ቃጫ ግን አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል።

«ስሙን ተይው የኔ ልጅ፣ አበባውን አሳይኝ» አሉ። «የሞተው ተክል አብቦ ያውቅ ነበር? አበባውስ ከየት ነው የወጣው?»

ልጅቷ የድሮ ፎቶዎቿን አገላበጠች። ብርድ የገደለው ተክል ሱቅ ውስጥ እያለ አብቦ ነበር። አበባው ከቅጠሎቹ መካከል፣ ከጎን የወጣ፣ እንደ ትንሽ ደወል ያለና አምስት ቅጠል ያለው ነው። በሐምሌ ያበበው ግን ከራሱ ከመሃል ተመዝዞ፣ እንደ ኮከብ የተዘረጋ ብዙ ቅጠል ያለው አበባ አወጣ። አንድ ስም፣ ሁለት ተክል።

የመጀመሪያው ኤቼቬሪያ ይባላል። አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1828 ከሜክሲኮአዊው የዕፅዋት ሠዓሊ አታናሲዮ ኤቼቬሪያ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና ልስልስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በጣት ሲነካ የሚለቅ ነጭ ብናኝ አለው። ካበበ በኋላ ይኖራል፤ ውርጭ ግን አይችልም።

ሁለተኛው ሴምፐርቪቨም ነው፤ የአውሮፓ ተራሮች ልጅ። ቅጠሉ ሳሳ ያለና ጫፉ የሾለ ነው፤ ጠርዙ ላይም ብዙ ጊዜ ደቃቅ ጸጉር ይታያል። አውሮፓውያን መብረቅ ይከላከላል ብለው ጣሪያቸው ላይ ያበቅሉት ነበር። ከ1200 ዓመት ገደማ በፊት በንጉሥ ሻርለማኝ ዘመን የወጣ የርስት ደንብም አትክልተኛው በቤቱ ጣሪያ ላይ እንዲኖረው ያዛል። የላቲን ስሙ «ሁልጊዜ ሕያው» ማለት ነው። ይህም ስም እንደ ሌላው ያሳስታል፤ እያንዳንዷ እናት አንድ ጊዜ አብባ ትሞታለችና። ሕያው የሚሆነው በጫጩቶቹ ነው።

የሁለቱ ዘመድ የሆነው አዮኒየም ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ዝርያ አለው፤ አበባው ቢጫ ነው። እሱም እንደ ሴምፐርቪቨም ያበበው ራስ ይሞታል። ይህን ሳያውቅ የሚነቅለው ሰው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ተክሎቹ ከባለቤታቸው ብዙ አይጠይቁም። ሥሩ ቀዳዳ ያለው ዕቃ፣ ውሃ የማይቋጥር አፈርና በቂ ብርሃን ይበቃቸዋል። ውሃ የሚጠጡት አፈሩ ሲደርቅ ነው። ብዙዎቹን የሚገድላቸው ጥማት ሳይሆን ከፍቅር የመጣ የውሃ ብዛት ነው።

እናትየው መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ጫጩቶቹስ?»

ልጅቷ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ቆጠረቻቸው፤ ሰባት ናቸው። የደረቀችውን እናት ቀስ ብላ ነቀለችና ሰባቱን ለየብቻ ተከለቻቸው። አንዱን ለምትንከባከባቸው አንዲት አሮጊት ወሰደችላቸው። ስሙን ሲጠይቋት መለያውን አላነበበችም። መጀመሪያ አበባው ከየት እንደሚወጣ አስረዳቻቸው።