ረግረጉ ለመለመ፣ ግን በምን?

እዚህ ፎገራ ሜዳ መንገዱ ሲሠራ ገረጋንቲ ተደፍቶበት የነበረው ረግረጋችን፣ ገረጋንቲው ከተነሳለት ወዲህ ለምልሟል። «እንግዲህ ዳነ፣ ከብት ይግባበት» የምትሉኝ በዝታችኋል። ቆይ እስቲ፣ የበቀለው ምንድን ነው?

እኔ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ካሬ ይዤ፣ ካስማ በተከልንባቸው ቦታዎች ላይ እያጋደምኩ የትኛው ተክል ምን ያህሉን እንደሸፈነ እጽፋለሁ። በዓመት ሁለቴ፣ መስከረምና ግንቦት፤ ሁሌም እዚያው ቦታ። ቦታ ከቀያየርን እኮ ካምናው ጋር ማወዳደር የለም።

በዘንድሮው መስከረም ከመንገዱ በላይ ውሃ ተኝቶ ፊላ ብቻውን ወርሶታል። ከመንገዱ በታች ደግሞ ቄጠማው ሳስቶ ሰርዶ ገብቷል። ሰርዶ ለከብት ደግ ነው፣ አልጠላውም! ግን በቄጠማ ቦታ ሰርዶ ሲተካ መሬቱ እየደረቀ ነው። ቱቦው በደለል ተደፍኖ ውሃው በደንብ አይሻገርም። በበጋ የሚተርፈን ሣርና ለገበያ የሚታጨደው ቄጠማ ደግሞ በዚያ ውሃ ነው የሚኖረው።

ውሃው ጎደል ሲል ቱቦውን እንጥረግ። ከብቱን እስከ ግንቦቱ ቆጠራ ከልክሉ፤ እያጨዳችሁ ስጡ። በመንገዱ ጠርዝ ቅንጬ አረም ካያችሁ ሳያብብ ንቀሉት፤ እጃችሁን ሸፍናችሁ ታዲያ፣ ቆዳ ያሳክካል።