የቤት ድምፅና የኪስ ዐቅም

ዓይን የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው፤ ጆሮ ግን ግራውንም፥ ቀኙንም፥ ኋላውንም ይጠብቃል። በሌሊት ጅብ ሲጮኽ ከብት ጠባቂው ሕፃን እንኳ ድምፁ በየትኛው ወገን እንዳለ ሳያይ ያውቀዋል። ይኸውም ድምፁ ከአንደኛው ጆሮ ወደ ሌላው እስኪደርስ ጥቂት ስለሚዘገይ ነው፤ ልዩነቱም የአንድ ሴኮንድ አንድ ሺሕኛ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፥ አእምሮ በዚህች ቅጽበት ተመርቶ አቅጣጫውን ይለያል። እንግዲህ ሰው ዙሪያውን እንዲሰማ ሆኖ የተፈጠረ ስለ ሆነ፥ በቤቱ ለሚያየው ቴሌቪዥንም ዙሪያውን የሚከብ ድምፅ ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ምኞት ከባሕር ማዶ የመጣ ቅንጦት አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። በቅኔ ማኅሌት መካከል የቆመ ሰው፥ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ በሁለት ወገን ተሰልፈው ዜማውን ሲቀባበሉ፥ የጸናጽሉ ድምፅ ከሁለት ወገን ሲመጣና ከበሮው ሲከተል፥ በድምፅ መከበብ ምን እንደ ሆነ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ደግሞም በእኛ በአዊ ምድር፥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር እንጅባራ ላይ የተገኘ ሰው፥ የፈረሱን ኮቴ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በእግሩም ሥር ይሰማዋል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ይህን ስሜት በሣጥን ውስጥ አስገብቶ ወደ ሳሎን ማምጣቱ ነው።

ይህም በአንድ ቀን የተገኘ ጥበብ አይደለም። አለን ብሉምላይን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ድምፅን በሁለት መሥመር ቀድቶ በግራና በቀኝ የማሰማትን ዘዴ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. ለባለቤትነት መብት አቀረበ። በ1940 ዓ.ም. የዋልት ዲዝኒ «ፋንታዚያ» የተባለው ፊልም በጥቂት ሲኒማ ቤቶች በልዩ መሣሪያ ዙሪያውን በሚሰማ ድምፅ ታየ። ዛሬ በየሱቁ «አምስት ነጥብ አንድ» እየተባለ የሚሸጠው አሠራር ደግሞ፥ ዶልቢ ዲጂታል በሚባለው ስልት በ1992 ዓ.ም. በሲኒማ ቤት ተሰምቶ ኋላ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። አምስት የተባለው ከፊት ግራ፥ ከፊት ቀኝ፥ ከፊት መካከል፥ ከጎን ግራና ከጎን ቀኝ የሚቀመጡት ስፒከሮች ናቸው፤ አንድ የተባለውም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው የባስ ሣጥን ነው። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተመልካቹ የሚሰማው ከአንዲት ሣጥን የሚወጣ ድምፅ ነበር። የዛሬው ቴሌቪዥን ምስሉ እጅግ ቢያምርም፥ አካሉ እየቀጠነ ስለ ሄደ ለድምፅ የሚሆን ስፍራ አጥቶ፥ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ በዞሩ ትንንሽ ስፒከሮች ይናገራል።

እኛ በእንጅባራ ከተማ በመምህር ደመወዝ የምንተዳደር ቤተ ሰቦች ነን። ዕቁባችን ስለ ወጣልን ከገንዘቡ ከፍለን የድምፅ መሣሪያ ልንገዛ ተመካከርን፤ በቤታችንም ሦስት ሐሳብ ተነሣ። ወንድ ልጃችን ግድግዳ የሚያነቃንቅ ባስ አማረው። ሴት ልጃችን ፊልሙ ከኋላዋም እንዲሰማት ፈለገች። እናታችን ግን፥ «እኔስ ሰዎቹ የሚሉትን ብቻ አሰሙኝ» አሉ። እሳቸው አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ በገበያ ነው፤ አሁን ደግሞ ጆሯቸው ደከም ብሏል። ማታ ማታ ድራማ ስናይ «ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር፤ መጠየቁ ሲሰለቻቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መኝታቸው ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ጕዳዩ የጨዋታ ዕቃ መግዛት ብቻ ሳይሆን፥ አንዲት እናት ከቤተ ሰቧ ጋር አብራ እንድታመሽ ማድረግ መሆኑን ተረዳን።

በመጀመሪያ ያስቸገረን በዕቃው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለ ጨመረ፥ ገዢ ሁሉ ለገንዘቡ ብዙ ቁጥር ማግኘት ይፈልጋል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። በካርቶኑ ፊት «3,000 ዋት» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ፥ ዕቃውን ገልብጠን ጀርባውን ስናይ ከመብራት የሚወስደው 60 ዋት ሆኖ እናገኘዋለን። አንድ መሣሪያ ከሚበላው በላይ ዘወትር ሊሠራ እንደማይችል የታወቀ ነው። በካርቶኑ ፊት ያለው ቁጥር ፒኤምፒኦ የሚባለው ሲሆን፥ ለዐይን ጥቅሻ የሚሆነውን ከፍተኛ ጕልበት በሻጩ አቈጣጠር የሚናገር ነው፤ ሊታመን የሚገባው አርኤምኤስ የሚባለው፥ ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ጕልበት የሚያመለክተው ቁጥር ነው። አራት ሜትር በአምስት ለሚሆን ሳሎንም ጥቂት ዐሥር እውነተኛ ዋት ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር ንግግር ነው። አማርኛችን «መጣ»ንና «መታ»ን፥ «ጥል»ንና «ትል»ን በአንዲት ፊደል ይለያል። ይህችም ልዩነት የምትሰማው በቀጭኑ የድምፅ ክፍል ነው እንጂ በባሱ አይደለም። ባሱ የበዛበት መሣሪያ ጠረጴዛውን ያርገበግባል፤ ነገር ግን መጣ ይበል መታ ይበል አይታወቅም። በፊልም የሰዎች ንግግር በአብዛኛው የሚመጣው ከፊት መካከል ካለው ስፒከር ስለ ሆነ፥ ይህ ስፒከር ለብቻው ያለውንና ድምፁም ለብቻው ከፍና ዝቅ የሚደረገውን መሣሪያ መምረጥ ይገባል። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ በየኤሌክትሮኒክስ ቤቱ ስንዞር ሻጮች ሁሉ ያሰሙን ጭፈራ ነበር። እኛ ግን በፍላሽ ዜና፥ የማሲንቆ ዘፈንና ጥቂት የድራማ ንግግር ይዘን ሄደን ነበርና፥ ድምፁን ዝቅ አስደርገን፥ ዐይናችንን ጨፍነን፥ ተቀምጠን አዳመጥን። ድምፁ ዝቅ ሲል ንግግሩ ጥርት ብሎ የሚሰማው መሣሪያ ያ ጥሩ ነው፤ ሲጮኽማ ሁሉም ያምራል።

ሦስተኛው ነገር ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወደ መሣሪያው የሚገባበት መንገድ ነው። ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ተራ ገመድም ሆነ በብሉቱዝ የሚያልፈው ሁለት መሥመር ድምፅ ነው። አምስቱም መሥመር በየስፍራው እንዲደርስ የሚፈልግ ሰው፥ ቴሌቪዥኑም መሣሪያውም ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ወይም ኦፕቲካል የተባለው መግቢያ እንዳላቸው አስቀድሞ ይመልከት። ደግሞም በዲሽ የምናያቸው የአገራችን ጣቢያዎች ድምፃቸው በአብዛኛው በሁለት መሥመር የሚመጣ መሆኑን ማወቅ ይገባል። መሣሪያው ይህን ለአምስት ያከፋፍለዋል እንጂ ያልተቀዳውን አይፈጥርም። ስለዚህ ዜናና ድራማ ብቻ ለሚያይ ሰው፥ ከደካማ አምስት ስፒከር ይልቅ ጥሩ ሦስት ስፒከር ይሻለዋል።

አራተኛውና በሱቅ ውስጥ የማይነገረው ነገር ቤቱ ራሱ ነው። የአዊን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፥ በአንድ አልጋ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። የእኛም ሳሎን ኮርኒስ አልነበረውም፤ ወለሉ ሲሚንቶ፥ ግድግዳው ልስን ስለ ሆነ፥ በበጋም ቢሆን ቃሉ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይደበላለቃል። በዚህ ቤት ውስጥ ውድ መሣሪያ ማስገባት፥ በሚያፈስ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት መሆኑን ተገነዘብን። ስለዚህ ካሰብነው ገንዘብ እኩሌታውን ለኮርኒስ፥ ለወፍራም መጋረጃና ለምንጣፍ አደረግነው። በቀረው እኩሌታ መካከለኛው ስፒከር ለብቻው ያለውን፥ ዋስትናና መለዋወጫ በቅርብ የሚገኝለትን አንድ ትንሽ አምስት ነጥብ አንድ መሣሪያ ገዛን። ወንድ ልጃችን በመጀመሪያ ፊቱን አጠቈረ፤ የኮርኒሱን ገንዘብ ለትልቅ ባስ ተመኝቶት ነበርና። ነገር ግን የመጀመሪያው ዶፍ ወርዶ ንግግሩን በደንብ በሰማ ጊዜ ሙግቱን ተወ።

አቀማመጡም ከግዢው ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፊቱ ግራና ቀኝ ከተቀማጩ እኩል ርቀው፥ በጆሮ ከፍታ ይቀመጣሉ፤ መካከለኛው ከቴሌቪዥኑ ሥር ሆኖ ወደ ተመልካቹ ፊት ቀና ይላል። የጎኖቹ ደግሞ ከተቀማጩ ጎን ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላሉ። ለእነዚህ ማቆሚያ የውጭ ብረት መግዛት አላስፈለገንም፤ የአካባቢያችን የቀርቀሃ ባለሙያዎች በልካችን ሠሩልን። ሽቦውን ስናስገባ ቀዩን ከቀይ፥ ጥቁሩን ከጥቁር ማገናኘት ይገባል፤ ከተሳሳተ ባሱ ይሳሳል፥ ንግግሩም መካከሉን ይለቃል። ወፍራም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ በቀላሉ ስለማይለይ የባሱ ሣጥን በማንኛውም ወገን ሊቀመጥ ይችላል፤ ሆኖም ከጎረቤት በሚያዋስነን ግድግዳ እንዳይጠጋ አደረግን። ባስ ግድግዳ አያግደውም፤ በዚያኛው ወገን ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያጠና የሰው ልጅ አለና። መብራት ሲጠፋም መሣሪያውን ከሶኬት እንነቅለዋለን፤ መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከ220 ቮልት በላይ ሊዘልል ይችላልና፥ ስታቢላይዘር የሌለው ሰው ይህን ልማድ ያድርግ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማታ ዝናቡ ሲወርድ ሁላችን ተሰብስበን አስቂኝ ድራማ እናይ ነበር። በመካከሉ እናታችን ከእኛ ቀድመው ሳቁ። ሴት ልጃችን ሳቅ ሳቅ እያላት ዘወር ብላ፥ «ምን አለ፥ እማማ?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ቀልዱን በአዊኛ መልሰው ነገሩን፤ በአዊኛም የበለጠ የሚያስቅ ሆነ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ከዚህ የምናካፍላችሁ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ በቁጥርና በጩኸት ተቸኩሎ የተገዛ መሣሪያ ደስታው ከካርቶኑ አይዘልቅም። አስቀድሞ በቤቱ ውስጥ ማን ምን መስማት እንዳቃተው መጠየቅ፥ ቀጥሎ ቤቱን ጸጥ ማድረግ፥ ከዚያም በቀረው ገንዘብ መግዛት ይሻላል። ጥሩ ድምፅ የሚጀምረው ከጸጥታ ነው፤ ጸጥታም ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ ነው።