«አሲየንቶ»

እኛ ማታ ማታ እስፓንኛ የምንማር ስድስት ተማሪዎች ነን። አስተማሪያችን በልጅነታቸው ኩባ ሄደው፣ የወጣቶች ደሴት በሚሏት ደሴት ላይ የተማሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ዕለት ቆመን ብንጠብቃቸው «ቶመን አሲየንቶ» አሉን። መዝገበ ቃላት ብናገላብጥ «መቀመጫ ውሰዱ» ማለት ሆኖ አገኘነው። ወንበሩ ግን አራት፣ እኛ ስድስት! ሁለታችን የመስኮቱ ደፍ ላይ ወጣን፤ እሳቸውም ሳቁ።

እስፓንኛ ለመቀመጫ ስስታም አይደለም። ባለመደገፊያው ወንበር ሲያ ነው፤ አግዳሚው ባንኮ፤ የቲያትር ቤቱ ቡታካ፤ የምክር ቤቱ እስካኞ። አሲየንቶ ግን ሁሉንም ይጠቀልላል። የአውቶቡሱ መቀመጫ አሲየንቶ፣ ከተማ የተቆረቆረበት ቦታም አሲየንቶ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚሰፍረውም አሲየንቶ ነው። ደስ አለን። እኛስ «የት ነው የምትቀመጪው?» ስንል ስለ ወንበር ነው እንዴ የምንጠይቀው? ገንዘብስ «አስቀመጥን» አንልም?

ደስታችን የታሪክ መጽሐፍ እስክንገልጥ ድረስ ነበር። አሲየንቶ ለካ ውልም ኖሯል፤ የእስፓኝ ዘውድ በአሜሪካ ግዛቶቹ ባሪያ የማቅረብን መብት ለነጋዴዎች የሚሰጥበት ውል። እ.ኤ.አ. በ1713 ይኸው መብት ለ30 ዓመት ለእንግሊዞች ተሰጠ፤ በየዓመቱ 4,800 «ፒየሳ»። ፒየሳ ማለት ቁራጭ፣ ፍሬ ማለት ነው። ጤነኛ ወጣት ወንድ አንድ ፒየሳ ይሆናል፤ ሕፃንና ሽማግሌ ከአንድ በታች ይቆጠራሉ። ሰው በክፍልፋይ! በኩባ ባርነት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው።

ይህን ይዘን ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «ከእንግዲህ ይህን ቃል በአፋችን አናዞረውም» አልን። አስተማሪያችን «ቃሉ ምን አደረገ? የፈረመውን እጅ ጠይቁ እንጂ» አሉ። ያን ጊዜ ዝም ብሎ የቆየው ጓደኛችን ተናገረ፦

«የእስፓኝን ቃል ተዉትና የራሳችንን አታዩም? እኔን በሰፈሬ እስከ ዛሬ ‹ባሪያ› ብለው የሚጠሩኝ አሉ።»

መልስ አጣን። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ስንት ዘመን ሆነው! እኛስ ስንቀላለድ ያንን ቃል ስንቴ ወርውረነዋል? እሱ አጠገባችን ተቀምጦ ስንቴ ሰምቶን ይሆን? «ስድስት ነን» ስንል እሱን በሙሉ ቆጥረነው ነበርን?

ይቅርታ ጠየቅነው። «ተዉት፤ ብቻ አትድገሙት» አለን።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በምትቀመጥበት ዶርም ማታ ጨዋታው ሲደራ ጆሮህን ጣል አድርግ። ቃሉ ሲወረወር ከሰማህ፣ ሳቁ ሳያልፍ «ተው!» በል። እኛ ዘግይተናል።