የዶሮ ግቢ ጉዝጓዝ

በናይሮቢ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዳጎሬቲ፣ ከአንድ የኪራይ ቤት ጀርባ አራት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነ በሽቦ የታጠረ መሬት አለ። ተከራዩ ለሥራ ወደ ኬንያ ከተሻገረ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እናቱን ከደብረ ማርቆስ ያስመጣቸው ግን አባቱ ካረፉ በኋላ ነው። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብሎ ቢያመጣቸውም፣ በሞላ ቤት ውስጥም ብቸኝነት እንዳለ አላሰበም ነበር። ወጥ የምትሠራ ሠራተኛ አለች፤ ገበያ የሚኬደው በመኪና ነው፤ ቴሌቪዥኑ በማይሰሙት ቋንቋ ሲያወራ ይውላል። እናት «የእኔ» የሚሉት ነገር ቢኖር ያ የታጠረ መሬትና በውስጡ የሚውሉት ስምንት ዶሮዎች ብቻ ነበሩ።

ዶሮዎቹ ኬንያውያን «ኪየንየጂ» የሚሏቸው የአገሬው ዝርያ ናቸው፤ ሁለቱ ገብስማ፣ አንዷ ወሰራ፣ የቀሩት ቀያዮች። መጀመሪያ ሲገቡ መሬቱ በኪኩዩ ሣር የተሸፈነ ነበር። ይህ ሣር ስሙን ከኪኩዩ ሕዝብ ያገኘ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ለግጦሽ የተስፋፋ ብርቱ ሣር ነው። ላም ቢግጠው፣ ሰው ቢረግጠው ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ዶሮን ግን አልቻለም። ዶሮ ቅጠሉን ነጭታ የምትተው ፍጥረት አይደለችም፤ ትጭራለች፣ ሥሩን ታወጣለች፣ በተራቆተው ላይ ጉድጓድ ምሳ በአፈር ትታጠባለች። ለእያንዳንዷ ሦስት ካሬ ሜትር እንኳ ቢደርሳት፣ መሬቱ በየተራ እየተከፈለ ካላረፈ ሣር አይዘልቅም። በጥቂት ወራት ውስጥ ቀዩ አፈር ብቻ ቀረ። በበጋ ይህ ምንም አልነበረም፤ እናትም አልከፋቸውም። የዶሮ መዋያ አፈር ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ችግሩ የመጣው በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ነው። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል የሚበላ ስለማይኖር 15 እንቁላል አስታቀፉ፤ በ21ኛው ቀን 14 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። በጎጃም ዝናቡ ሰኔን ጠብቆ የሚገባ ነውና መጋቢትና ሚያዝያ ለጫጩት ደግ ወራት ናቸው። የናይሮቢ ረጅሙ ዝናብ ግን የሚወርደው ልክ በእነዚያ ወራት ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከተማይቱን ያጥለቀለቀው ጎርፍ መጣ። የዶሮ ቤቱና የኋላው ማድ ቤት ቆርቆሮ አሸንዳ አልነበረውም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር በዘነበ ሌሊት ከ30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ስድስት በርሜል ውኃ ተንዶ በዚያች መዋያ ላይ ይወርድ ነበር። ቀዩ አፈር ከኩስ ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆነ፤ ሽታውም ጎረቤት ደረሰ።

በሰሙነ ሕማማት ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ይቆዝሙ ጀመር። እናት «ፈንግል ነው» አሉ፤ አገር ቤት መንደሩን በአንድ ሳምንት የሚጨርሰውን በሽታ ያውቁታልና። ነገር ግን ትልልቆቹ ደኅና ነበሩ፤ የጫጩቶቹም ኩስ ደም የተቀላቀለበት ነበር። ልጁ ወደ አግሮቬት ሱቅ ሄዶ ሲጠይቅ ኮክሲዲዮሲስ መሆኑን ነገሩት። የዚህ በሽታ ጥገኛ ተሕዋስ ከኩስ ጋር የሚወጣው ሳይበስል ነው፤ ሌላ ዶሮ ለማጥቃት የሚበቃው እርጥበት፣ ሙቀትና አየር አግኝቶ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ ነው። ደረቅ መሬት ያከስመዋል፤ ጭቃ ያሳድገዋል። በውኃ የሚሰጠው አምፕሮሊየም ቢገዛም፣ ሚያዝያ 27 ቀን ለፋሲካ ሲነጋ የተረፉት አምስት ነበሩ።

በዓሉ እንዳለፈ እናት «ሀገሬ መልሰኝ» አሉ። ዘጠኝ ጫጩት ስለሞተ ብቻ እንዳልሆነ ልጁም ያውቃል። ዶሮ ማርባት የማያቅታቸው ሴት ነበሩ፤ አሁን ያም አቃታቸው።

ልጁ መልሱ ቀላል መሰለው። ግንበኛ ጠርቶ ቦታውን ሊሾ ሊያስደርግ ተነሣ፤ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ አይሸትም። እናት አልተቀበሉትም። «ምኑን ሊጭሩ ነው? አስረህ ልትቀልባቸው ነው እንዴ?» በዚህ የሳቸው ዕውቀት ከልጁ ገንዘብ ይበልጥ ነበር። ሊሾ ላይ የምትውል ዶሮ ጥፍሯ እንጂ ሥራዋ አይኖርም፤ መጫር የተነፈገች ዶሮም የጓደኞቿን ላባ መንቀል ትጀምራለች። ልጅ ብዙውን ጊዜ ለእናቱ የሚያስበው ራሱ የሚመቸውን ነው።

እንግዲያ ምን ይጎዝጎዝ? የእናት ምርጫ ጭድ ነበር። በእሳቸው ዘንድ ጭድ የማይሆንለት ነገር የለም፤ ለበሬ መኖ፣ ለግድግዳ ጭቃ፣ ለመኝታ ጉዝጓዝ፣ ለእንቁላል ማስቀመጫ። የጤፍ ጭድ በናይሮቢ ስለማይገኝ ከናሮክ ማሳዎች የሚመጣ የስንዴ ጭድ በእስር ተገዛ። ሁለት ሳምንት ወርቅ መሰለ። ዝናብ ሲመታው ግን ላዩ ደርቆ ሥሩ እንደ ምንጣፍ ተጣበቀ፤ ሲገልጡትም ሻጋታ ሸተተ። የሻጋታ ብናኝ የዶሮን ሳንባ ያሳምማልና ሁሉም ተጠርጎ ወጣ። እናት ጭዱን ሲያወጡ አንድም ቃል አልተናገሩም። ጭድ ጣሪያ ላለው ቤት እንጂ ለሜዳ አይሆንም።

በንጎንግ መንገድ ዳር ከተደረደሩት አናጢዎች ሰጋቱራ በርካሽ ይገኛል፤ እሱም ውኃ ሲጠጣ ገንፎ ይሆናል፣ ሲደርቅ ይቦንናል። የመላጊያ ፍቅፋቂ ለዶሮ ቤቱ ውስጥ ተመረጠ፤ እዚያ በደንብ ያገለግላል። ጠጠር እግር ያቆስላል። አሸዋ ውኃ ያሳልፋል፣ ኩሱም በሬክ ይለቀማል፤ ከማቻኮስ በኩል የሚመጣው አሸዋ ግን የሚሸጠው በጭነት መኪና ነው፤ ከሥሩ ያለው ሸክላማ አፈርም ካልተስተካከለ አብሮ ይሰምጣል።

መፍትሔው ከዘበኛው መጣ። እናትን «ሾሾ» ይላቸዋል፤ በኪኩዩዎች ዘንድ አያት ማለት ነው። በአጎራባች ሰፈር ዛፍ የሚከረክሙ ሰዎች ቅርንጫፉን በመኪና ፈጭተው ስብርባሪውን የሚጥሉበት አጥተው ነበር፤ እሱ ጋሪ ይዞ አመጣው። ስብርባሪው ሻካራ ነው፤ ጣት የሚያህልም አለበት፤ ስለዚህ ውኃው በመሐሉ ይወርዳል፣ ላዩም ቶሎ ይደርቃል። ነገር ግን አስቀድሞ አሸንዳ ተሰቀለ፤ መሬቱም ወደ አጥሩ እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ ቦይ ተቀደደለት። ይህ ባይሆን ስብርባሪውም በኩሬ ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ ብዙ ሰው ስለ ጉዝጓዙ ብቻ ተጨንቆ ውኃውን ይረሳል።

እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ክምሩን በእጃቸው ለቀሙ። በናይሮቢ አቮካዶ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው፤ የአቮካዶ ቅጠልና ቅርፊት ደግሞ ለአእዋፍ መርዝ ነው። ዘበኛው ቅጠሉን ያሳያቸዋል፤ እሳቸው ለይተው ይጥላሉ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በስዋሂሊ የሆነ ንግግራቸው እስከ ማታ ዘለቀ። ከዚያም ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተጎዘጎዘ፤ በአንዱ ጥግ ከጣሪያው ሥር አመድና ደረቅ አፈር ለመታጠቢያ ተተወላቸው። ዶሮዎቹ ገና በመጀመሪያው ቀን ስብርባሪውን እየገለበጡ ትል ፍለጋ ገቡ።

በጥቅምትና በኅዳር ዝናብ እናት ሌላ ዶሮ አስታቀፉ፤ 12 ተፈለፈሉ። ከሥር የበሰበሰውን ጥቁር አፈር ዘበኛው በአካፋ እያወጣ ለብቻው ይከምረዋል፤ ከርሞ ሲበስል ለጎመኑና ለጤና አዳሙ መደብ ይሆናል። አንድ ጧት ልጁ ለሥራ ለብሶ ሳለ ወደ መዋያው ገባና ዞሮ ወጣ። ጫማው አልተጨማለቀም።

«እማዬ፣ ትኬቱን ለመቼ ልቁረጥ?» አላቸው።

እናት ቀና አላሉም። «እነዚህ ቄብ ሆነው እንቁላል ይጣሉ» አሉ፤ ቀጥለውም ዘበኛውን ጠርተው ሌላ አንድ ጋሪ ስብርባሪ እንዲያመጣ አዘዙት።