አይዞህ ባይ

እንግሊዞች ድፍረትን «ከሬጅ» ይሉታል። ቃሉን ያገኙት ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ከላቲኑ «ኮር» የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ልብ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን እንደ ቾሰር ያሉ ደራሲዎች ሲጽፉበት ገና ለጦር ሜዳ ብቻ የተለየ ቃል አልነበረም። የሰው ሐሳቡ፣ ምኞቱ፣ የውስጥ ስሜቱ ሁሉ በዚሁ ይጠራ ነበር። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። እኛም «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ «ልብ ገዛ» ስንል በሰለ፤ «ልበ ሙሉ» ስንል ደግሞ የማይበረግግ።

በልብ ብቻም አላበቃንም። ቆፍጣናውን «ሐሞተ ኮስታራ» እንለዋለን፤ የፈራውን «ሐሞቱ ፈሰሰ»። እንግሊዝኛም ከሆድ ዕቃ አልራቀም። «ፕላክ» የሚሉት የድፍረት ቃል መጀመሪያ የሥጋ ሻጮች ነበር፤ ከታረደ ከብት ጎትተው የሚያወጡትን ልብ፣ ጉበትና ሳንባ አንድ ላይ የሚጠሩበት። በ18ኛው መቶ ዘመን ነው ትርጉሙ ወደ ድፍረት የዞረው።

እነዚህ ቃላት ሁሉ፣ የእኛም የእነሱም፣ ድፍረትን በአንድ ሰው ገላ ውስጥ ያኖሩታል። ልብ ወይ አለህ ወይ የለህም፤ ሐሞትህ ወይ ኮስትሯል ወይ ፈሷል። ስለ ጀግና ስናወራ ብቻውን የቆመ ሰው የሚታየን ለዚህ ይመስለኛል። በቴሌቪዥን የምናየውም፣ ለልጆቻችን የምንተርከውም እሱኑ ነው።

እኔ ግን አዲሱ ገበያ እየኖርኩ ከጥዋት እስከ ማታ የምሰማው ሌላ ቃል ነው፤ አይዞህ። ከታክሲ ስትወርድ እግሯን ወለም ላላት ሴት፣ ክትባት ፈርቶ ለሚያለቅስ ሕፃን፣ ፈተና ለወደቀች ተማሪ፣ አባቱን ቀብሮ ለተመለሰ ጎረቤት፣ ምጥ ለያዛት እናት፣ ሥራ ለፈታ ወጣት፤ አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዞዎት፣ አይዞአችሁ። ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም የሚወጣው መንገድ በመንደራችን ስለሚያልፍ በኦሮምኛ «ጀባዱ» ሲባልም ይሰማል፤ በርታ ማለት ነው። ትግርኛ ተናጋሪው «ኣጆኻ» ይላል፣ ለሴት «ኣጆኺ»።

የቃሉ ጠባይ ያስደንቀኛል። ትናንት የለው፣ ነገ የለው፤ ሁሌም አሁን የሚባል፣ ሁሌም ለሌላ ሰው የሚባል ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ ራሱን ሲያበረታ እንኳ «አይዞህ» ብሎ፣ ራሱን እንደ ሌላ ሰው ከፊቱ አቁሞ ነው። «አይዞን» ማለት ከተቻለም ብዙ ስንሆን ነው። እንግሊዝኛም «ኢንከሬጅ» በሚለው ቃሉ፣ ልብን በሌላ ሰው ውስጥ ማኖር በሚለው፣ ወደዚህ ይጠጋል። ፈረንሳዮች ደግሞ ከባድ ሥራ ከፊቱ የተደቀነበትን ሰው ሲሰናበቱት «ቦን ኩራዥ» ይሉታል። ድፍረት ከሰው ወደ ሰው የሚሰጥ ነገር መሆኑን ብዙ ሕዝብ ያውቀዋል፤ ስለ ጀግና ስንጽፍ ነው የምንረሳው።

ከመንደራችን በላይ እንጦጦ አለ። እቴጌ ጣይቱ ከዚያ ወደ ፍልውኃ ወርደው አዲስ አበባን ስም አወጡላት፤ በመጨረሻው ዘመናቸውም ከሥልጣን ተገፍተው ወደ እንጦጦ ማርያም ተመልሰው በ1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ግን በጦርነቱ መካከል ነበሩ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው እንደመዘገቡት፣ በኋላ በኩል ያለው ሰልፍ ሲያመነታ ባዩ ጊዜ እቴጌይቱ ድሉ የእኛ ነው እያሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወታደሩን አበረቱት። አብረዋቸው የነበሩት ሴቶችም ለቆሰለውና ለተጠማው ውኃ ያደርሱ ነበር። የአድዋን ጀግኖች ስንቆጥር የተኮሱትን እንጠራለን፣ ተገቢም ነው። የዚያን ቀን አንዱ ትልቅ ሥራ ግን የተሠራው በጥይት አልነበረም፤ ሊሸሽ የነበረውን እግር ባጸና ድምፅ እንጂ።

የቃሉን ሌላ ፊት ሳላነሳ ባልፍ ግን እውነቱን ቆርጬ ማስቀረቴ ነው። «እሱ እኮ አይዞህ ባይ አለው» ሲባል ሙገሳ አይደለም። ከጀርባ ሆኖ የሚገፋ፣ ጠብ አጫሪውን የሚያደፋፍር አለ ማለት ነው። ሽለላና ቀረርቶ ወኔ ለመቀስቀስ የተፈጠሩ ናቸው፤ የተቀሰቀሰው ወኔ ወዴት እንደሚሄድ ግን ዜማው አይነግረንም። በዚህች አገር ስንት ወጣት ከሩቅ በተጣለለት «አይዞህ» ተነሥቶ እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ የማይመለሱትንም እናውቃለን። እዚሁ ስልካችን ላይ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሌላ እናት ልጅን «በለው» የሚል አይጠፋም። ይህን ሳይ ያመኛል። ቃሉ ያው አንድ ቃል ነውና፣ ሰሚውም ያምነዋል።

እንግዲህ ልዩነቱ የት ነው? ብዙ ካሰብኩ በኋላ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ አይዞህ ባዩ የቆመበት ቦታ። እቴጌይቱ ያን ሲሉ ቆመው የነበሩት ወታደሩ በቆመበት ሜዳ ነው። መስመሩ ቢሰበር ለእሳቸውም አይቀርላቸውም ነበር።

ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ወደ እኛ ሰፈርና ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን ሴቶች ስንቶቻችን ልብ ብለን እናያቸዋለን? ይህች ከተማ ገና በልጅነቷ ማገዶ አልቆባት ልትነቀል ደርሳ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ግንባታ ሁሉ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት በዚያው ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ይህን በትምህርት ቤት ተምረናል። ዛፉ ግን በራሱ እግር ምድጃ ድረስ አልመጣም። በሴቶች ጀርባ ነው የመጣው፣ ትውልድ ከትውልድ። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ከተሸካሚዋ የራሷ ክብደት ብዙም የማያንስበት ጊዜ አለ። ጨለማ ሳይገፈፍ ይወጣሉ፣ ቁልቁለቱን ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፣ ጥበቃ ካገኛቸው የለፉበትን ይቀማሉ። ልበ ሙሉ የሚለውን ቃል ለእነሱ ሲባል ሰምቼ ግን አላውቅም። «ምስኪን» ነው የሚባሉት፤ እኔ ይህን ቃል አልቀበለውም።

አንዲት እናት ሸክሟን አውርዳ ካረፈች በኋላ ብቻዋን መልሳ ልትሸከመው አትችልም። ስለዚህ መንገደኛውን «አሸክሙኝ» ትላለች። ገመዱን ደረቷ ላይ ታጠብቃለች፣ ጉልበቷን ታጥፋለች፤ መንገደኛው ከኋላ ሆኖ እንጨቱን ከፍ ያደርግላታል፣ «አይዞሽ እናቴ» ይላል፣ እሷም ሚዛኗን ይዛ ትነሣለች። ለዚያች አፍታ የሸክሙ ክብደት በሁለት ሰው ላይ ነው። «ዕድሜ ይስጥህ» ብላ ትሄዳለች። በአማርኛ ከማውቃቸው አይዞሽ አባባሎች ሁሉ በጣም የማከብረው ይህንን ነው። አፍ ሲናገር እጅ እንጨቱን ይዟል።

በዚያው ተራራ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌሎችም ይወጣሉ። የአገራችን ሯጮች በንጋት እንጦጦ ላይ ይለማመዳሉ፤ ከባሕር ላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት። በቡድን ሲሮጡ ያየ ሰው የኋለኛውን ሲጠሩት ሰምቶ ይሆናል። በልምምድ ጊዜ ሯጭ ለሯጭ አይዞህ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በውድድር ቀን ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ደራርቱ ቱሉን ሁላችንም የምናስታውሳት በባርሴሎና ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር አንደኛ ወጥታ፣ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩበት ቀን። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ብዙ ያልተወራለትን የኒው ዮርኩን ማራቶን አነሳለሁ። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. ደራርቱ 37 ዓመቷ ነበር። አብራት ከፊት የምትሮጠው ፓውላ ራድክሊፍ ናት፤ በዚያን ጊዜ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረች፣ ያንን ሩጫ ሦስት ጊዜ ያሸነፈች፣ ለአሸናፊነትም ከሁሉ በላይ የተገመተች። ወደ መጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሲቃረቡ ራድክሊፍን እግሯ አሠቃያት፣ ወደ ኋላም መቅረት ጀመረች። ለተፎካካሪ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም። ደራርቱ ግን ወደ ኋላ ዞር ብላ እንድትበረታ፣ አብራቸው እንድትቀጥል አበረታታቻት። በየትኛውም ቋንቋ ትበላት፣ በእጇም ይሁን በዓይኗ፣ ያለቻት አይዞሽ ነው።

ብትሰማትና ብትበረታ ኖሮ ሽልማቱን ልትወስድባት የምትችል ሴት ናት። ደራርቱ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ራሷም ደክማለች፣ ከፊቷ ገና ኪሎ ሜትሮች አሉ፣ መሬቱም ያው መሬት ነው። ራድክሊፍ ግን መከተል አልቻለችም፤ አራተኛ ሆና ጨረሰች። ደራርቱ ሩሲያዊቷን ሉድሚላ ፔትሮቫን በ8 ሰከንድ ቀድማ፣ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገባች። የኒው ዮርክን ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት እሷ ናት።