ስለ ንጽሕናና ስለ ጣና ውኃ

ልጆች ሆይ፥ ንጽሕና መልካም ነገር እንደ ሆነ በየቀኑ ትሰማላችሁ። እኔም በልጅነቴ ከቆሎ ተማሪዎች ጋራ ሳለሁ ልብሴን በእንዶድ አጥቤ በድንጋይ ላይ አሰጣ ነበር። መምህር ከሆንሁም በኋላ ተማሪዎቼ ልብሳቸውን እንዲያጥቡ ሳልታክት መክሬአለሁ። ነገር ግን ከልብሳችን የወጣው እድፍና ሳሙናው ወዴት እንደሚሄድ ለብዙ ዘመን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ አንድ ትንሽ ልጅ ነው።

ባሕር ዳር ሳስተምር፥ አንድ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋራ ወደ ጣና ዳር ወረድን። ጋቢያችንንና ነጠላችንን በዱቄት ሳሙና እናጥብ ጀመር፤ አረፋውም እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ ወደ ደንገሉ ሥር ይሄድ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ግን ከማጠቢያው ራቅ ብሎ እጁን በጭቃው ውስጥ ቢሰድ ሁለት ባለ ዛጎል ፍጥረቶች አገኘ። ዛጎላቸው እንደ ብራና መጽሐፍ ገበታ ሁለት ወገን ሆኖ የሚከፈትና የሚዘጋ ነበረ።

ወደ ትምህርት ቤት ወስደን በሁለት ሰፋፊ ጠርሙስ ለየብቻ አኖርናቸው። እኔም ለልጆቹ እንዲህ ስል ገለጽሁላቸው፦ «ይህ ፍጥረት እጅም ጥርስም የለውም። ውኃውን ወደ ውስጡ ይስባል፤ በስንጥቡም ላይ ያሳልፈዋል። በስንጥቡ ይተነፍሳል፤ በውኃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ምግብም ይይዛል፤ የጠራውንም ውኃ መልሶ ይለቃል። ጠጅ በጨርቅ እንደሚጠራ፥ ባሕሩም በእንደነዚህ ያሉ ፍጥረቶች ይጠራል።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች በየቀኑ ውኃውን እንዲለውጡ አዘዝሁ። አንደኛው ራቅ ብሎ ሄዶ ከንጹሑ ስፍራ ይቀዳ ነበር። ሁለተኛው ግን መንገዱን ለማሳጠር ሰዎች ሁሉ ልብስ ከሚያጥቡበት፥ ከአረፋው አጠገብ ይቀዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብናይ የፊተኛው ዛጎሉን ገርበብ አድርጎ ውኃውን ይስባል፤ የኋለኛው ግን ዛጎሉን አጥብቆ ዘግቷል። በማግሥቱም ተከፍቶ ተገኘ፤ ብንነካውም ሊዘጋ አልቻለም፤ መሽተትም ጀመረ።

ያገኛቸው ልጅ ዓይኑ እንባ ሞልቶ «የኔታ፥ ይህን ማን ገደለው?» አለኝ። ያ ውኃ ቀጂ ነው ልል አሰብሁ፤ ነገር ግን አፈርሁ፤ አረፋውን ወደ ባሕር ከለቀቁት አንዱ እኔ ነኝና። «እኔ ነኝ፥ ልጄ፤ እኛ ሁላችን ነን» አልሁት።

እርግጥ ሁለት ጠርሙስ ብቻ ሁሉን አያስረዳም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ነገር በአገራችን አስቀድሞ በዐዋቂ ዓይን ታይቷል። በ1964 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በዐድዋ የብልሃርዝያን በሽታ ሲመረምሩ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በዚህም እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አስረዱ። በኋላም በአሜሪካ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ሁለት ዛጎል ፍጥረቶች በበዙ ጊዜ፥ ሊቃውንት እንዶድን ፈትነው እነዚህንም እንደሚገድል አገኙ። እንግዲህ ከዱር የተለቀመው እንዶድ ይህን ካደረገ፥ ሳሙና ሁሉ በውኃ ውስጥ ያለ ጉዳት ይቀራል ብለን አናስብ።

ጉዳቱም እንዲህ ነው። ሳሙና ቅባትን ከጨርቅ የሚያላቅቅበት ኃይል፥ የዓሣንና የባለ ዛጎልን ስንጥብ የሚጠብቀውን ልስላሴ ያነሣል፤ ፍጥረቱም መተንፈስ ይቸግረዋል። ደግሞ በአንዳንድ የዱቄት ሳሙና ውስጥ ፎስፌት የሚባል ቅመም አለ፤ እርሱም ለውኃ አረም እንደ ፍግ ነው። በ2011 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በጣና ላይ የታየው እምቦጭም እንዲህ ያለውን ምግብ የሚወድ አረም ነው፤ ምግቡም ከእርሻ ማዳበሪያ፥ በጎርፍ ከሚመጣ አፈር፥ ከከተማም እድፍ ይመጣለታል። አረሙ ሞቶ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፤ በዚያን ጊዜ ዓሣው ይሸሻል ወይም ይሞታል። በወንዝና በሐይቅ ከሚኖሩት ባለ ዛጎሎች ብዙዎቹ ደግሞ ግልገላቸው በዓሣ ስንጥብ ላይ ተጣብቆ ካላደገ አይኖርም፤ ስለዚህ ዓሣው ሲጠፋ የባለ ዛጎሉም ዘር ይቋረጣል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ታላቅ ባሕር ነው፤ ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ቀረሶውም አምባዛውም በእርሱ ይኖራሉ፤ ዓሣ አስጋሪው ከእርሱ ልጆቹን ይመግባል፤ ዓባይም ከእርሱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ወደ እርሱ የምንጥለው ሁሉ ወደ ብዙ ሰው ቤት ይደርሳል።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ውኃውን በባልዲ ቀድተን ከዳር ርቀን እናጥባለን፤ ሳሙናውንም በልክ እናደርጋለን፤ እጣቢውንም ከባሕሩና ከጉድጓድ ውኃ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ እናፈሳለን፤ አፈሩ ከእድፉ ብዙውን ይይዛልና። የቀረውንም ባለ ዛጎል ያ ልጅ ካገኘበት ጭቃ መልሶ አኖረው። እጁን ከውኃው ሲያወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

ልጆቼ፥ ልብሳችሁን እጠቡ፤ ንጹሖችም ሁኑ። ነገር ግን እድፉን በጎረቤቱ ደጅ ጥሎ ቤቱን የሚጠርግ ሰው ንጹሕ እንደማይባል አስቡ። በባሕሩ ውስጥ ያለው ፍጥረትም አፍ አውጥቶ የማይከሰን ጎረቤታችን ነው።